የኮቶ ሊግ የመጨረሻው ጸሐፊ

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 8

ከዜሮ በታች ሃያ ሰባት። መኪናው አልነሣም አለ። እኔም አልነሣም ብዬ ነበር... ፊኛዬ ግን አላስተኛኝም። አጃ በዘቢብ በላሁ። ከዚያ ወደ ምድር ቤት፣ ወደ ሊጉ የወረቀት ሣጥኖች።

ሣጥን ዘጠኝ አለቀ። ስምንት ቀሩ። ዱዌን ከማተሚያ ቤቱ ደወለ።

«ላይል፣ ስንት ቅጂ ነው የምናትመው?»

«መቶ ሃምሳ።»

«ማን ሊያነበው?»

«የሞቱት።»

«እነሱማ መነጽራቸውን ትተው ነው የሄዱት።»

ሳቅን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አላሳቀኝም። የኮቶ ሊግ ታሪክ፣ ከ1922 እስከ 2003። ሰባት ትናንሽ ኮሌጆች፣ ሰማንያ አንድ ዓመት። ከሰባቱ ዛሬ በሩ ክፍት የሆነው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሌላ ሊግ ገብቷል። አንዱ ተቃጥሎ ቦታው ማሳ ሆነ። ሁለቱ የአረጋውያን መጦሪያ ሆኑ። ሁለቱ መስኮታቸው በጣውላ ተመትቶ ቆመዋል። እኔ አርባ ዓመት ሂሳብ ያስተማርኩበት ሄልጋሰን ወህኒ ቤት ሆኗል። ጂሙ ግን አሁንም ጂም ነው፤ እስረኞቹ ቅርጫት ኳስ ይጫወቱበታል።

ማርች 3 በሉተራን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የመጨረሻው መሰባሰብ ነው። መጽሐፉ ለዚያ ቀን መድረስ አለበት። የሊጉ ጸሐፊ ሃያ አምስት ዓመት እኔ ነበርኩ። እኔ ካልጻፍኩት ማን ይጽፈዋል? ማንም። እኔ ብጽፈውስ?

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 9

ወገቤ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 12

የ1951ን ምዕራፍ ጨረስኩ። ደስ የሚለኝ ምዕራፍ ይሄ ነው። ፕሬስተን ኮሌጅ በአውቶቡስ ሄልጋሰን ድረስ መጣ። ጨዋታው ሳይጋመስ የበረዶ ውሽንፍሩ መብራቱን አጠፋው። መንገድ የለም። ሁለቱ ቡድኖች፣ ሁለት ዳኞችና አርባ ምናምን ተመልካች ሦስት ቀን ጂሙ ውስጥ አደሩ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ድንች ብቻ ነበር የቀረው። በሦስተኛው ቀን መብራት ሲመጣ ጨዋታውን ካቆሙበት ሴኮንድ ቀጠሉ። ፕሬስተን በአንድ ነጥብ አሸነፈ። አንድም ሰው አልተከራከረም። «የተቋረጠ ጨዋታ ከቆመበት ይቀጥላል» ይላል ሕጉ፤ አለቀ።

እንዲህ ዓይነት ሰዎች ነበርን። ገበሬና ቄስ የጻፈውን ሕግ እንደ ጸሎት መጽሐፍ የምንይዝ። አንዳንዴ ሳስበው ሊጉ ከስፖርት ይልቅ ሕጉን ነበር የሚወደው። እኔም እንደዚያው።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 16

ሶልቬይ መጣች። ድንችና ሥጋ በምድጃ ጋግራ፣ ከነመጋገሪያ ሳህኑ። ልጄ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አሁንም በሩን በእግሯ ነው ገፍታ የምትገባው።

«አባዬ፣ እነዚህ ሣጥኖች ይገድሉሃል።»

«አንድ ነገር መግደሉ አይቀርም።»

«ፎቶውን አመጣሁልህ። የ79ኙን። ሙሉ ገጽ አድርገው፣ እሺ? ግማሽ ገጽ ብታደርገው አላናግርህም።»

ዐሥራ አንድ ልጃገረዶች በሄልጋሰን ቢጫ ማሊያ። መሃል ዋንጫው። ዋንጫውን ያቀፈችው ሶልቬይ። የሊጉ የመጀመሪያው የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና። ትዳሯ ፈረሰ፣ ኮሌጇ ወህኒ ሆነ፣ ጉልበቷ በቀዶ ጥገና ተቀየረ። ያቺን ፎቶ ስታይ ግን ፊቷ ዛሬም ይበራል። ዐሥራ አንዱም እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይገናኛሉ።

ሜዳ ላይ ያሸነፉት እነሱ አልነበሩም። ይሄን ሁሉም ያውቃል። ቅድስት ዋልቡርጋ፣ የመነኮሳቱ ኮሌጅ፣ በአራት ነጥብ አሸንፏቸው ነበር። እኔ ያን ዓመት አዲስ ጸሐፊ ነበርኩ። የተጫዋቾቹን የትምህርት ወረቀት ስመረምር ማርሊስ ቮግል የምትባል የዋልቡርጋ ልጅ ክሬዲቷ ጎድሎ አገኘሁት። ሕጉ ካለፈው ዓመት ሃያ አራት ክሬዲት ይጠይቃል። እሷ ዐሥራ ሰባት ከሲሶ። የዋልቡርጋ ድሎች በሙሉ ተሰረዙ። ዋንጫው ለሁለተኛው ተሰጠ። ሁለተኛው የእኔ ኮሌጅ፣ አምበሏ የእኔ ልጅ...

«ለልጁ ብሎ ነው» ተባለ። የዋልቡርጋ ተወካይ የነበሩት ቄስ በስብሰባ መሃል ፊት ለፊት ነገሩኝ። የመለስኩላቸውን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ፦ «ቁጥር ዘመድ የለውም፣ አባ።» ስድስት ለአንድ በሆነ ድምፅ ጸደቀ።

ኮርቼበት ነበር። አሁንም ስጽፈው ኮራሁ።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 19

ሣጥን ዐሥራ አራት። ከ1978 እስከ 79። ከሥሩ አንድ ፖስታ። «ዘግይቶ የደረሰ» የሚል ሰማያዊ ማኅተም። የእኔ ፊርማ፣ ማርች 16። አልተከፈተም። ላኪ፦ ሲስተር ኦዲሊያ፣ ሬጅስትራር፣ ቅድስት ዋልቡርጋ ኮሌጅ።

ረስቼው ነበር? ረስቼው ነበር። ሕጉ አቤቱታ በዐሥር ቀን ውስጥ ይድረስ ይላል። ማርች 5 ወሰንን፤ እስከ 15 ጊዜ ነበራቸው። ደብዳቤው 16 መጣ። የዘገየ አቤቱታ አይከፈትም፤ ማኅተም ይመታበትና ይቀመጣል። ያን ሳምንት መንገዱ በበረዶ ሦስት ቀን ተዘግቶ ነበር። አውቅ ነበር። እኔ ራሴ በዚያው ምክንያት ማስተማር ቀርቼ ነበር። ግን በረዶ ሕጉ ውስጥ አልተጻፈም ብዬ...

ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሊግ የለም፣ ሕግ የለም። ማን ይከለክለኛል? እጄ ግን እምቢ አለ።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 20

ከፈትኩት። ሙሉውን እዚህ እገለብጠዋለሁ።

«የተከበሩ ፕሮፌሰር ኦስተንጋርድ፦ ዐሥራ ሰባት ከሲሶ የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ሁለት ቀን ሳሰላስል ዛሬ ጠዋት ገባኝ። ስልክ ደውዬልዎ በጽሑፍ እንዳቀርብ ስላዘዙኝ ይኸው ጽፌያለሁ። እባክዎ የላክሁልዎትን ወረቀት ይገልብጡት። እኛ እዚህ ወረቀት አናባክንም፤ በሁለቱም ፊት እንጽፋለን። ስሌቱ ከጀርባው አለ። ማርሊስ ጥሩ ልጅ ናት። ሰው ፊት ቀና ብላ መሄድ አቅቷታል። ቶሎ ቢያርሙልን እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ሣጥኑን ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት። ወረቀቱን አገኘሁ። ፊቱ ላይ፦ ማርሊስ ቮግል፣ ከመንግሥት ኮሌጅ የተዛወረች፣ 26 ክሬዲት። ከጎኑ የእኔ እርሳስ፦ 26 ሲባዛ በ2፣ ሲካፈል ለ3፣ 17 ከሲሶ። ንጹሕ የእጅ ጽሕፈት ነው። ከሥሩ በማስመሪያ ተሰምሮበታል።

ገለበጥኩት። በቀይ እርሳስ፣ በደቃቅ ፊደል፦ «በእነሱ 39 ነው። በእኛ ሲለወጥ 26።»

የመንግሥት ኮሌጁ ያኔ ዓመቱን ለሦስት ይከፍል ነበር፣ እኛ ለሁለት። የእነሱ ሦስት ክሬዲት የእኛ ሁለት ነው። የትኛውም ጸሐፊ ይሄን ያውቃል። ሲስተር ኦዲሊያ ለውጣ ላከችልኝ። እኔ የተለወጠውን መልሼ ለወጥኩት። ሁለት ጊዜ ቀነስኩባት።

ሃያ ስድስት። ከሚያስፈልጋት በሁለት ይበልጥ ነበር።

እሁድ፣ ጃንዋሪ 21

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 22

ስልኩ ትዝ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ነው።

«ፕሮፌሰር፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ቢሰጡኝ...»

«ሲስተር፣ አቤቱታ በጽሑፍ ነው።»

«ነገሩ እኮ ቀላል ነው፣ ወረቀቱን ብቻ...»

«በጽሑፍ፣ ሲስተር።»

«እሺ። በጽሑፍ።»

ወረቀቱን ይገልብጡት ልትለኝ ነበር። ሁለት ቃል። ወረቀቱ እኮ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፣ ከክንዴ ሥር።

ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልደወለችም። ተናዳ ነው ብዬ አስብ ነበር። አሁን ገባኝ። ደብዳቤዋን አንብቤ እምቢ ያልኩ መስሏታል። በ1994 ሞተች። ቀብሯ ላይ ተገኝቻለሁ! ከቀብሩ በኋላ ሳንድዊች በልቻለሁ። ያቺ ሴት እውነቱን እያወቀ ልጂቱን የቀበረ ሰው አድርጋ አስባኝ ነው የሄደችው።

አውቄ ብዋሽ ይሻል ነበር። ውሸታም ቢያንስ የሠራውን ያውቃል።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 29

አምስት ቀን ሙሉ ወረቀት ስገለብጥ ከረምኩ። የሃያ አምስት ዓመት የተጫዋች ወረቀት፣ አንድ በአንድ፣ ፊቱንም ጀርባውንም። ሌላ ስህተት ካለ ብዬ። የለም። አንድ ብቻ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር? አንድ ሺህ ምናምን ሰው ላይ አልተሳሳትኩም። እሷ ላይ ተሳሳትኩ።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ልጽፍ ሞከርኩ። የ2003ቱን ስብሰባ። አራት ሰው፣ አንድ ሳህን የአሳማ ሥጋ፣ አንድ ትልቅ የቡና ማንቆርቆሪያ። «የቀረ ጉዳይ አለ?» ብዬ ጠየቅኩ፣ እንደ ሕጉ። የለም ተባለ። እኔም «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ቃለ ጉባኤው እዚህ እጄ ላይ ነው። የቀረ ጉዳይ የለም!

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 1

ሕጉ የሊጉን ውሳኔ መሻር የሚችለው የአራት ኮሌጆች ድምፅ ነው ይላል። በሕይወት ያለው አንድ ነው። ለእሱ ጽፌ ነበር። ዛሬ ከስፖርት ክፍሉ አንዲት ሴት ደወለች።

«የትኛው ሊግ ነው ያሉኝ?»

«ኮቶ።»

«ኮምፒውተሩ ላይ የለም።»

«እኛ ከኮምፒውተሩ በፊት ነን።»

«እና ምን እንድናደርግልዎ ነው?»

«ድምፅ እንድትሰጡ። ስለ አንድ ሻምፒዮና። የ1979።»

ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ደግ ልጅ ናት፣ ልትስቅብኝ አልፈለገችም።

«እኔ ያኔ አልተወለድኩም፣ አባባ» አለች በመጨረሻ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። ሊጉ ሲሞት ስህተቴን ይዞ ሞተ። መሻር የሚችል የለም፣ ማረም የሚችል የለም። ስሟን በድምፅ አጠፋን፤ መልሶ የሚያነሣው ድምፅ የለም።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 3

ለሶልቬይ ነገርኳት። ወረቀቱን አየችው፤ ገለበጠችው፤ መልሳ ገለበጠችው።

«እና?» አለች።

«እናማ ሻምፒዮኑ ዋልቡርጋ ነው።»

«አባዬ፣ ዋልቡርጋ እኮ የለም። የመነኮሳት መቃብርና የበቆሎ ማሳ ነው። ለማን ልትሰጠው ነው፣ ለበቆሎው?»

«መጽሐፉ ላይ እጽፈዋለሁ። አዳራሹም ውስጥ አነበዋለሁ።»

«ለሠላሳ ሰው? ከሠላሳው ዐሥራ አንዱ እኮ እኛ ነን! ካረን ለዚያ ቀን ብላ ከአሪዞና ነው የምትመጣው። ካንሰሩ ጉበቷ ገብቷል። እሷ ፊት ቆመህ 'ሌባ ነሽ' ልትላት ነው?»

«ሌባው እኔ ነኝ።»

«አንተ ሰረቅክ፣ ያሸከምከው ግን እኛን ነው። አርባ ዓመት!»

ልክ ናት። ቁጭ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ሆድ ይፍጀው፣ አባዬ። አንዳንዱን ነገር ሆድ ይፍጀው።»

«ሆዴ ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው። አይችልም።»

አልሳቀችም። ካፖርቷን ሳትቆልፍ ወጣች። ሳህኗንም ትታው ሄደች። መኪናዋ ከግቢው ሲወጣ በመስኮት አየሁ፤ እጇን አላወዛወዘችም። ከተወለደች ጀምሮ እጇን ሳታወዛውዝልኝ ሄዳ አታውቅም።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 6

ማርሊስ ቮግልን አገኘኋት። ወንድሟ አሁንም የአባታቸው እርሻ ላይ ነው፤ ቤቷን እሱ ነገረኝ። ሰማንያ ማይል። መንገዱ በረዶ ነበር። ብገለበጥ ግድ አልነበረኝም፤ እዚህ ስለሆነ እውነቱን ልጻፈው።

በሩን ከፈተች። ረጅም ናት፣ ፀጉሯ አጭር፣ ነጭ።

«ላይል ኦስተንጋርድ እባላለሁ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ይግቡ፣ ሙቀቱ እየወጣ ነው።»

ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ምድጃው ላይ ቡና ሙሉ ማንቆርቆሪያ ነበር። አላቀረበችልኝም። በእኛ አገር ሰው ፍርድ ቤት የከሰሰውን ጎረቤቱን እንኳ ቡና ሳያቀርብለት አያስቀምጥም። ሁለታችንም ማንቆርቆሪያውን አየነው።

ወረቀቱን አውጥቼ አስረዳኋት። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ሁለት ጊዜ መቀነሴን። የተዘጋውን ፖስታ። አልነካችውም።

«ሃያ ስድስት» አለች።

«ሃያ ስድስት።»

«ሲስተር ኦዲሊያ ያኔውኑ ነግራኝ ነበር።»

«ያውቁ ነበር ማለት ነው?»

«አላመንኳትም። ልታጽናናኝ ነው ብዬ ነበር። አንዲት አሮጊት መነኩሲት ሃያ ስድስት ነው አለችኝ። የሂሳብ ፕሮፌሰር ዐሥራ ሰባት ነው አለ። የሃያ ዓመት የገበሬ ልጅ ነኝ። እርስዎ ቢሆኑ ማንን ያምኑ ነበር?»

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

«ነርስነት ነበር የምማረው» አለች። «ነርስ መድኃኒት ትመጥናለች። የራሷን ክሬዲት በትክክል መቁጠር ያቃታት ልጅ መድኃኒት ልትመጥን? በዚያው ወር ተውኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነዳሁ። ሌሎቹ ሹፌሮች ልጆቹን ይቆጥራሉ። እኔ እስከ ዛሬ ቆጥሬ አላውቅም። ስም ነው የምጠራው፣ አንድ በአንድ። ቁጥሬን አላምነውም።»

«አባትዎስ?» ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

«አባቴ ዋሽተሽ ነው አለኝ። ዋሽተሽ ገብተሽ ቡድኑን አስቀጣሽ። አልዋሸሁም፣ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል አልኩት። ፕሮፌሰሩ እኮ አስልቶታል አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ኮሌጅ አላወራንም። በ88 ሞተ።»

ይቅርታ አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንዴት እንዳነሰ...

«ሰምቻለሁ» አለች።

«ይቅር ይሉኛል?»

«አዎ ብልዎ እርስዎ እፎይ ብለው ይሄዳሉ። እኔስ?»

እስከ በሩ ሸኘችኝ። «መንገዱ ያንሸራትታል፣ ቀስ ብለው ይንዱ» አለችኝ። ከስድብ የባሰ ነበር።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 7

አርባ ዓመት ተማሪዎቼን «መልሱን ብቻ አልቀበልም፣ ስሌቱን አሳዩኝ» እላቸው ነበር። ሲስተር ኦዲሊያ አሳይታኝ ነበር።

አልጋ ላይ ዋልኩ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 9

ዱዌን ጋ ሄድኩ። የመጨረሻዎቹን ገጾች ሰጠሁት። ስህተቴን የጻፍኩበትን ገጽ 88ን ቆሞ አነበበው። ከዚያ ቁጭ ብሎ አነበበው።

«ላይል... 'በስሌት ስህተት' ብቻ ብትለውስ? ስምህን ብታወጣው?»

«ስህተት በራሱ አይሠራም፣ ዱዌን። ሠሪ አለው።»

«የሶልቬይ ፎቶስ? ሙሉ ገጽ ይዘህለት ነበር እኮ።»

«አውጣው። በእሱ ቦታ የወረቀቱን ጀርባ አትም። ቀዩን ጽሕፈት።»

ዐይኔን ሳያይ «እሺ» አለ። ዱዌን ሶልቬይን ከሕፃንነቷ ነው የሚያውቃት። ስወጣ ፎቶውን በፖስታ አድርጎ ሰጠኝ። በመኪናው ውስጥ አወጣሁት። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ስትስቅ ድዷ ይታያል። ከዋንጫው በላይ አሻግራ ወደ አንድ ሰው ትመለከታለች። ፎቶውን ያነሣሁት እኔ ነበርኩ።

እሁድ፣ ፌብሩዋሪ 18

ሶልቬይ አልደወለችም። ሁለት እሁድ ሆነ። ሳህኗን አጥቤ በሩ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ማርች 3

ሃያ ስምንት ሰው። ለስልሳ ወንበር ዘርግተው ነበር። ማርሊስ አልመጣችም። የዋልቡርጋ ሰው አንድም አልመጣም። ለማን ብዬ ነው?

ቆሜ ገጽ 88ን አነበብኩ። ስሜን፣ ቁጥሩን፣ ፖስታውን። «የ1979 ሻምፒዮን ቅድስት ዋልቡርጋ ኮሌጅ ነው» ብዬ ጨረስኩ። ጭብጨባ አልጠበቅኩም። ጩኸት ግን ጠብቄ ነበር። «አታፍርም?» የሚለኝ ሰው። አንድ ሰው ተነሥቶ ቢሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ወንበር እንኳ አልተንቋቋም። ከዚያ የፓስተሩ ሚስት «እንግዲህ... ሳንድዊቹ እንዳይደርቅ» አለች፤ ሁሉም ተነሡ። ተሰለፉ። ስለ በረዶው አወሩ። ስለ ስንዴው። አንድ የፕሬስተን ሰው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «የ51ዱን ጨዋታ ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል» አለኝ።

ከሄልጋሰን ልጆች ጠረጴዛ ካረን ብቻ መጣች። ራሷ ላይ ሻሽ አስራለች፣ እንደ ክር ቀጥናለች። እጄን ያዘች። ልታጽናናኝ መስሎኝ ነበር።

«ፕሮፌሰር» አለችኝ፣ «ሁለት ወር ቢታገሱ ምን ነበረበት?»

ሶልቬይ መጥታ በክንዷ ደግፋ ወሰደቻት። እኔን አላየችኝም። ዐሥራ አንዱም አብረው ወጡ። ከመጽሐፎቹ ብዙዎቹ ወንበር ላይ ቀርተው ነበር፤ ወንበር ሲታጠፍ ሰብስቤ ወደ ካርቶኑ መለስኳቸው።

ሰኞ፣ ማርች 5

ማን ተጠቀመ? ልትሞት ካለች ሴት አንድ ነገር ቀማሁ፣ ለሌላዋ ምንም አልሰጠሁም። ልጄን አጣሁ። እውነት ነው ብዬ... እውነት ማንን አበላ?

አንድ መጽሐፍ ለማርሊስ በፖስታ ላክሁ። ምንም አልጻፍኩበትም።

እሁድ፣ ማርች 11

በረዶው መቅለጥ ጀምሯል። ጣሪያው ሲንጠባጠብ ዋለ። ሶልቬይ ዛሬም አልመጣችም። ወደ ቀትር ላይ ስልኩ ጮኸ፤ እሷ ናት ብዬ ጉልበቴን ጠረጴዛው መታኝ።

«ሚስተር ኦስተንጋርድ? ማርሊስ ነኝ።» ነፋስ ይሰማል፣ ኃይለኛ ነፋስ። ውጭ ናት።

«መጽሐፉ ደረሰኝ» አለች።

«እሺ።»

«አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ለእኔ ማንበቡ አልበቃኝም።» ትንፋሿ ይቆራረጣል። «አባቴ መቃብር ላይ ነኝ። እኔ ብነግረው አያምነኝም፤ ያመነው እርስዎን ነው። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ድንጋዩ ላይ አስቀምጠዋለሁ። እርስዎ ይንገሩት።»

ተነሥቼ ቆምኩ። ወጥ ቤቴ ውስጥ፣ በካልሲ፣ ብቻዬን።

«ሚስተር ቮግል» አልኩ። «ላይል ኦስተንጋርድ ነኝ፣ የኮቶ ሊግ ጸሐፊ። ልጅዎ አልዋሸችም። አልተሳሳተችምም። ክሬዲቷ ሃያ ስድስት ነበር። ሃያ አራት ይበቃት ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ነፋስ ብቻ።

«እንደገና» አለች ከሩቅ።

እንደገና አልኩ። ሙሉውን።

«አንዴ ደግሞ። ቁጥሩን ብቻ።»

«ሃያ ስድስት» አልኩ። ስታለቅስ ሰማኋት፤ ከዚያ ስልኩን አነሣችውና ምንም ሳትለኝ ዘጋችው።